ሃያ አምስተኛው ሳጥን

በስታዲየሙ ውስጥ የሰውዬውን ስም የሚያውቅ አልነበረም። ሁሉም «ቆጣሪው» ነው የሚሉት። የሜዳ ሠራተኞቹ በበሩ ሲገባ ባዩት ቁጥር «የመብራት ነዎት ወይስ የውሃ?» ብለው ይጠይቁታል፤ እሱም «የሰው» ብሎ ይመልሳል፤ እነሱም አዲስ ነገር እንደሰሙ ሁሉ ይስቃሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልተቀየረ ቀልድ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በሳምንት ውስጥ ቆጣሪው ከሰው ጋር ከሚያወራው ወሬ ሁሉ ይሄ ረጅሙ ሳይሆን አይቀርም።

ድሮ በአንድ ጋዜጣ ስፖርት ክፍል ይሠራ ነበር። ጋዜጣው ሲዘጋ ባልደረቦቹ በሙሉ ወደ እግር ኳስ ወሬ ተሰደዱ፤ እሱ ግን ችክ አለና ስለ ሩጫ ብቻ የሚጽፍ የኢንተርኔት ገጽ ከፈተ። ስሙንም «ሃያ አምስት ዙር» አለው፤ አስር ሺህ ሜትር ማለት መሙን ሃያ አምስት ጊዜ መዞር ነውና። አዘጋጁ እሱ፣ ጸሐፊው እሱ፣ ፎቶ አንሺው እሱ፣ ገጹ ሲበላሽም ጠጋኙ እሱ ነው። ስብሰባ የለ፣ አለቃ የለ፤ ሥራው የሚስተጓጎለው ከራሱ ጋር የተኳረፈ ቀን ብቻ ነው።

ሌላው ሚዲያ ሩጫ ሲያልቅ ሦስት ስም ጽፎ ውልቅ ይላል። የዩቲዩብ ልጆች ደግሞ አሸናፊዋን በስልክ ከበው «ምን ተሰማሽ?» ይሏታል። ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ ስትሮጥ የቆየች ሰው ምን ሊሰማት ነው? ውሃ ጠምቷታል! ቆጣሪው ግን እስከ መጨረሻዋ ሯጭ ድረስ ይጽፋል። ለእያንዳንዷ ሯጭ ሃያ አምስት ሳጥን ያለው ሠንጠረዥ ያሰምርላታል፤ መስመሩን ባለፈች ቁጥር የዙሩን ሰዓት በሳጥኑ ውስጥ ይሞላል። በግራ እጁ ሰዓት፣ በቀኝ እጁ እርሳስ ይይዛል፤ ቀና የሚለው የደረት ቁጥር ለማየት ያህል ነው። አንዳንዴ ማን እንዳሸነፈ የሚያውቀው ቤቱ ገብቶ ሲደምር ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ያነበዋል? ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ከገጹ ግርጌ፣ አሁን በዚህች ደቂቃ ስንት ሰው እያነበበ እንደሆነ የምታሳይ ትንሽ ቁጥር አለች። ዘወትር ዜሮ ናት። ሠንጠረዥ ያወጣ ቀን ግን አንድ ትሆናለች። የዚያችን የአንዷን ባለቤት ያውቃታል፤ «ጭራ» እያለች የምትጽፍለት ልጅ ናት።

የመጀመሪያ መልእክቷ የደረሰው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። «ዛሬ አስራ ስድስተኛ የወጣሁት እኔ ነኝ» ይላል። «ሌላ ቦታ ሁሉ ስሜን ፈልጌ አጣሁት፤ መጨረሴን የጻፍከው አንተ ብቻ ነህ። ጭራ ብሆንም ጨርሻለሁ።» ቆጣሪው ይህን ሲያነብ መቀመጥ አቃተው፤ ተነሥቶ ክፍሉን ሁለቴ ዞረ። ክፍሉ ደግሞ ለመዞር የሚመች አይደለም፤ አልጋና ጠረጴዛ ተፋጠው የቀሩበት ጠባብ ቤት ነው።

ከዚያ ወዲህ ተለማመዱ። ልብስ ማጠቢያ ቤት እንደምትሠራ፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት ጠዋት ጠዋት እንደምትሮጥ፣ ቀኑን ሙሉ የምትቆምበት እንፋሎት ደረቷን እንደሚያፍናት ነገረችው። «አስራ አራተኛው ዙር ላይ ሁልጊዜ ትዳከሚያለሽ፤ ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ቢጠይቃት፣ «ያኔ ነው ካውያው ትዝ የሚለኝ» ብላ መለሰችለት። እሱም ብቻውን ቁጭ ብሎ ጮክ ብሎ ሳቀ፤ አከራዩ ምን ሆኑ ብለው በር እስኪያንኳኩ ድረስ።

ከሁሉ በላይ ልቡን ያሞቀው ግን አንድ ትንሽ ነገር ነበር፤ «አንተ» ትለዋለች። ዕድሜው ሃምሳ አራት ነው። አከራዩ «እርስዎ» ይሉታል፣ ባለሱቁ «ጋሼ» ይለዋል፣ የሜዳ ሠራተኞቹ እንኳ የሚቀልዱበት በአክብሮት ነው። «አንተ» የምትለው ታላቅ እህቱ ብቻ ናት፤ እሷም የምትደውለው ልትቆጣው ነው። ጭራ ግን ዕድሜውን ስለማታውቅ እንደ እኩያዋ ታወራዋለች። ስሕተት ለቅሞ ማረም እንጀራው የሆነ ሰው፣ ይህችን አንዷን ስሕተት አይቶ እንዳላየ አለፋት።

ያ ቅዳሜ የመጣው እንዲህ እያሉ ነው። የማጣሪያ ሩጫ ነበር። ሚኒማው፣ ማለትም ክለብ ለመግባት የሚያበቃው ሰዓት፣ ሠላሳ አራት ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ ነው። ከዚያ በታች የገባች ሁሉ ማደሪያ፣ አሰልጣኝና የወር ደመወዝ ታገኛለች። ጭራ በሕይወቷ ከሠላሳ አምስት ደቂቃ በታች ገብታ አታውቅም። በዋዜማው «ነገ ወይ ክለብ ወይ ካውያ» ብላ ጻፈችለት። «ካልሆነ ጫማዬን እሰቅላለሁ፤ አንተም ሌላ አንባቢ ፈልግ።» ለቀልድ ነው የጻፈችው። ቆጣሪው ግን ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ።

ሲነጋ ዝናብ ያካፋ ነበር። ዙር የሚያሳየው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ተበላሽቶ ስለነበር ዙሩን በወረቀት የሚይዙት አንድ ሽማግሌ ዳኛ ነበሩ፤ ወረቀታቸውም መነጽራቸውም ረጥቧል። አስራ ሰባት ሯጮች ተሰለፉ። ጭራ ደረቷ ላይ ሠላሳ አንድ ቁጥርን ለጥፋለች። ቆጣሪው ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያውቃት በዚህ በደረት ቁጥር ነው፤ ፊቷን ቀረብ ብሎ አይቶት አያውቅም።

በረጅም ሩጫ፣ የሚቆጥርን ሰው የሚያሳብድ አንድ ነገር አለ፤ መደረብ ይባላል። ከፊት ያለችው ከኋላ ያለችውን ሙሉ ዙር ቀድማ ስትደርስባት «ደረበቻት» እንላለን። ለሚያይ ሰው ጎን ለጎን ናቸው፤ ትከሻ ለትከሻ ይሮጣሉ፤ በመካከላቸው ግን አራት መቶ ሜትር አለ። ቆጣሪው ይህን ከመሙ ውጭም ያውቀዋል። የድሮ ባልደረቦቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት አቅፈው ይስሙታል፣ ስለ ልጆቻቸውና ስለ አዲሱ ቤታቸው ያወሩለታል፣ ጥቂት እርምጃ አብረውት ይሄዳሉ። ከዚያ ጥለውት ያልፋሉ።

መሪዎቹ ሠላሳ አንድን ለሁለተኛ ጊዜ የደረቧት ሃያኛ ዙሯን ስትጨርስ ነው። አራት ሆነው ተዛዝለው መስመሩን አለፉ። ሽማግሌው ዳኛ ተደናገጡ፤ ለሠላሳ አንድ ቁጥር ምልክት አደረጉ፤ መነጽራቸውን ጠረጉና «ሠላሳ አንድን ይዣታለሁ ወይ?» ብለው ሌላ ጨመሩ። ቆጣሪው ይህን ያኔ አላየም፤ የገባው በኋላ ነው። ያየው እንዲህ ነው፦ የሠላሳ አንድን ሃያ አራተኛ ሳጥን ሞልቶ ቀና ሲል ዳኛው እጃቸውን እያወዛወዙ «ጨርሰሻል! ውጪ፣ ውጪ!» ይሏታል።

ጥቂት እርምጃ ሮጣ ቆመች። ዞር ብላ ዳኛውን አየቻቸው። ከዚያ ትልቁን ሰዓት አየች፤ ሠላሳ አራት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ መስመሩን ያለፈችው በሠላሳ ሦስት ደቂቃ ከሃያ አራት ሰከንድ ነው። አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ቆጣሪው ከመቀመጫው ብድግ አለ። «አንድ ዙር ይቀራታል!» ብሎ ቢጮህ ይሰማ ነበር፤ ከእሷ አስር ሜትር አይርቅም። አፉን ከፈተ። ስልክ የያዙት ሁሉ አሸናፊዋን ከበው ነበርና ጭራን መጥቶ ያቀፋት ሰው የለም፤ ብቻዋን ጉልበቷን ይዛ አጎንብሳ ታለቅሳለች። ይህን እያየ እንዴት ይጩህ? ቁጭ አለ። ሃያ አምስተኛው ሳጥን ባዶ ነው። የቀረውን ዙር እንደሌሎቹ ዙሮቿ ብትሮጠው 34፡47 ትገባ ነበር፤ ሚኒማውን በአስራ ሰባት ሰከንድ ስታዋለች ማለት ነው። ይህን ከእሱ በቀር በዓለም ላይ የሚያውቅ የለም።

እቤቱ ደርሶ ገና ጫማውን ሳያወልቅ እህቱ ደወለች። እህቱ የግንባታ ዕቃ መደብር አላት።

«ዛሬ ማን ቀደመ?» አለችው።

«አላየሁም።»

«ታዲያ ስታዲየም ተጎልተህ ምን ስትሠራ ዋልክ?»

«ስቆጥር።»

«ቁጥር ካማረህ እኔ ጋ ና! ሱቁ የሚቆጠር ምስማር ሞልቶታል። ስማ፣ ብቻህን ሆነህ ልታብድ ነው እኮ።»

«እደውልልሻለሁ» አለና ዘጋው።

ኮምፒውተሩን ከፈተ። በእጅ የወጣው ይፋ ውጤት ቀደም ብሎ በየገጹ ተለጥፏል፤ ሠላሳ አንድ፣ 33፡24። እሱም ያንን ገልብጦ ቢያወጣ ማንም ምንም አይለውም ነበር። ግን ሠንጠረዡስ? 33፡24ን ለሃያ አምስት አካፈለው፤ ለአንድ ዙር ሰማንያ ሰከንድ ደረሰው። አንዱን ሰማንያ አንድ፣ አንዱን ሰባ ዘጠኝ እያደረገ ሃያ አምስቱንም ሳጥን ሞላ። ሲያዩት እንዴት ያምራል! እውነተኛ ሠንጠረዥ እንዲህ አምሮ አያውቅም። ምርጫው በሰዓት እንጂ በደረጃ አይደለም፣ የማንንም ቦታ አልወሰደችም እያለ ራሱን አባበለ። ጣቱ «አውጣ» የሚለው ቁልፍ ላይ እንዳለ ከግርጌ ያለችው ቁጥር አንድ ሆነች።

«አየኸኝ?!» ብላ ጻፈች ጭራ። «33፡24! አንተ ደግሞ ዛሬ ምን ነካህ፣ ዘገየህ እኮ! ሠንጠረዡን አውጣውና አትሜ አለቃዬ ግንባር ላይ ልለጥፈው!»

ቆጣሪው እጁን ከቁልፉ አነሣ። «ስንት ዙር ሮጥሽ?» ብሎ ጻፈ።

«ሃያ አምስት።» ወዲያው ነው የመለሰችው።

«ምነው?» አለች ቀጥላ።

ቁጥሯ አንድ እንዳለች ናት፤ አልሄደችም። «አንተ ስንት ቆጠርክ?»

ሃያ አምስት ብሎ ቢጽፍ ነገም ከነገ ወዲያም ይቺ ቁጥር አንድ ትሆንለታለች። በዚህ ቤት ከእሱ ጋር የሚያወራ ሌላ ነፍስ እንደሌለ ያን ቀን በደንብ ገባው፤ ገብቶትም ፈራ። ከሠንጠረዡ ላይ የሞላውን ውሸት አንድ በአንድ ደመሰሰ። ከዚያ «ሃያ አራት» ብሎ ጻፈላት።

አንዷ ዜሮ ሆነች።

እሑድን እንዲሁ አሳለፈ፤ ምንም አላወጣም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጦር ወርዋሪዎች ሲለማመዱ ለማየት ስታዲየም ተቀምጦ ሳለ አንዲት ቀጭን ሴት የሜዳ ሠራተኞቹን ስትጠይቅ አያት። ጣታቸውን ወደ እሱ ቀሰሩ። እሷ ግን ከእሱ ወዲያ ሌላ ሰው ያለ መስሏት በትከሻው ላይ አሻግራ አየች። ሌላ ሰው አልነበረም። እየተጠራጠረች ቀረበችው። የጣቶቿ ጫፍ ውሃ ውስጥ ከመዋል ተሸብሽቧል፤ ሳሙና ሳሙና ትሸታለች።

«እርስዎ ነዎት… ቆጣሪው?»

«እኔ ነኝ።»

«ውይ፣ በሞትኩት! ልጅ እግር ይመስሉኝ ነበር እኮ» አለች ወደ ኋላ እያፈገፈገች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንተ እያልኩ…»

«ግድ የለም፤ እንደዚያው በዪኝ።»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ!»

አንድ ወንበር ትታ ተቀመጠች። ቆጣሪው ያንን ባዶ ወንበር አየው።

«ክለቡ ፈርሚ ብሎ ጠርቶኝ ነው የመጣሁት» አለች። «አልዋሽዎትም። ዳኛው ጨርሰሻል ሲሉኝ እግሬ እንዳልጨረሰ አውቋል። የእርስዎን ሠንጠረዥ ስታነብ የኖረች ሰው ዙር አይጠፋባትም። ግን ቀና ስል ሰዓቱን አየሁት። እንደዚያ ያለ ሰዓት ስሜ ላይ አይቼ አላውቅም። አሳቡ እንዴት ይጣፍጥ መሰለዎት።»

«እኔም መጮህ እችል ነበር» አለ ቆጣሪው። «አልጮህኩም።»

ጦሩ ሣሩ ላይ ሲሰካ ሁለቱም አዩት።

«ሊጽፉት ነው?»

«ሌላ ነገር ልጽፍ ሞክሬ ነበር። ሃያ አምስቱንም ሞልቼው ነበር። አልቻልኩም።»

ራሷን ነቀነቀች። የተቆጣች አትመስልም፤ የደከማት ነው የምትመስለው። «ይጻፉት» አለች። «ከእኔ ሌላ ማን ያነብልዎታል? እኔም ከእንግዲህ አላነበውም።» ልታቆስለው ብላ አልነበረም፤ እውነቱን ነው የተናገረችው። ተነሥታ፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሥታው፣ ወደ ክለቡ ቢሮ በኩል ሄደች። ጎንበስ ባትል ይሻለው ነበር።

በዚያው ቀን ሠንጠረዡን አወጣው፤ ሃያ አራቱ ተሞልተው፣ አንዱ ባዶ። ከሥሩም «በእኛ ቆጠራ ቁጥር 31 የሮጠችው ሃያ አራት ዙር ነው» ብሎ ጻፈ። «በእኛ» ሲል ክፍሉን ዙሪያውን አየ። ከዚያ ሰማይ ይደፋል ብሎ ጠበቀ። ስልክ ይደወላል፣ ከፌዴሬሽኑ ደብዳቤ ይመጣል፣ ቢያንስ አንድ ሰው ይሰድበዋል ብሎ ጠበቀ። ምንም የለም! የሰደበው እንኳ ጠፋ። እውነትን ያህል ነገር አደባባይ ላይ አስጥቶ ዞር ብሎ የሚያየው አንድ መንገደኛ አላገኘም።

አምስት ወር እንዲህ አለፈ። ከልማድ ይሁን ከግትርነት እሱም አያውቀውም፣ መጻፉን አልተወም። አንዳንዴ ከሠንጠረዡ ሥር «አስራ አራተኛው ዙር ላይ ብዙዎቹ ተዳክመዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይጨምራል፤ ማንን አስቦ እንደሆነ እኛም እሱም እናውቃለን። ቁጥሯ ዜሮ ነበረች። እህቱ በደወለች ቁጥር ስለ ምስማሩ ታነሣበታለች፤ እሱም ቀስ በቀስ «እስቲ አስብበታለሁ» ማለት ጀምሮ ነበር።

የክለቦች ሻምፒዮና የመጣው ያኔ ነው። ጭራ የክለብ ማሊያ ለብሳ፣ አስራ ሁለት ቁጥር ለጥፋ ተሰለፈች። ወደ እሱ አላየችም። አስራ አራተኛው ዙር ላይ አልተዳከመችም፤ ቆጣሪው ይህን ሲጽፍ እርሳሱን አጥብቆ ይዞ ነበር። ሃያ አምስተኛውን ሳጥን ሞላ። ስምንተኛ ወጣች፤ 34፡19 ገባች። ሙሉ ሃያ አምስት ዙር፣ ከሚኒማው በታች፣ የራሷ ሰዓት!

እሷ ግን አልቆመችም።

«ጨርሰሻል!» አሉ ዳኞቹ። አሰልጣኟ ፎጣ ይዞ እስከ መሙ ጠርዝ ሮጠ፤ «አንቺ ልጅ! አልቋል እኮ!» እያለ ይጮሃል። እጇን እንኳ ሳታነሣ በአጠገቡ አለፈች። ተመልካቹ ሳቀ። «ዙር ጠፋባት!» አለ አንዱ። የዩቲዩብ ልጆቹ አሸናፊዋን ጥለው ስልካቸውን ወደ እሷ አዞሩ፤ የዚያን ዕለት ብዙ ሰው ያየው ወሬ «መቁጠር የማትችለው ሯጭ» የሚለው ሆነ። ባዶው መም ላይ ብቻዋን ትሮጣለች። ከሚስቀው ሰው ሁሉ መሃል ምን እየሠራች እንደሆነ የገባው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ከሃያ አምስተኛው ሳጥን ጀምሮ ሰዓቱን አላቆመም። ዓይኑ እንባ ስለሞላ ሰዓቱን የያዘው አውራ ጣቱን አምኖ ነው። በፊቱ ስታልፍ ተጫነው። ሰባ ዘጠኝ ሰከንድ።

እቤቱ ገብቶ የዛሬውን ሠንጠረዥ አወጣ፤ እሱ ሃያ አምስት ሳጥን ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ከአምስት ወር በፊት ያወጣውን ሠንጠረዥ ፈልጎ ከፈተ። በሠላሳ አንድ ቁጥር ትይዩ ባዶው ሳጥን እዚያው አለ። 1፡19 ብሎ ሞላው። ደመረው፤ 34፡43 መጣ። አሁንም ከሚኒማው በላይ ነው፤ ቁጥር ሰው አያባብልም። ከሥሩ «ሃያ አምስተኛው ዙር ከአምስት ወር በኋላ ተሮጧል» ብሎ ጻፈና ቁልፉን ተጫነ።

ከግርጌ ያለችው ቁጥር ዜሮ ነበረች። ሻይ ሊያፈላ ተነሣ። ሲመለስ አንድ ሆናለች፤ አንዲት አጭር መልእክትም መጥታለች። የላኪዋ ስም «ጭራ» ይላል።

«ቆጠርከው?»

መልስ ከመጻፉ በፊት ቃሏን ደጋግሞ አነበባት። ቆጠሩት አይልም። ቆጠርከው ነው የሚለው።